መልካም ጨዋታ ከወዴት ይገኛል?

በትምህርት ቤታችን ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት ሊጠይቁ በሚመጡበት ቀን፣ ስለ ሒሳቡና ስለ እንግሊዝኛው ከተነጋገርን በኋላ ብዙዎቹ ሊወጡ ሲሉ ከበሩ አጠገብ ቆም ይሉና አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ። ይኸውም፣ «መምህር፣ ልጆቻችን ማታ ማታ ምን ያንብቡ? ምንስ ይመልከቱ? እኛስ ከእነርሱ ጋር አብረን የምንደሰትበት ነገር ከወዴት ይገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው እንደ ትርፍ ነገር በመጨረሻ ይነሣ እንጂ፣ በእኛ አስተያየት ከውጤቱ ጥያቄ የሚያንስ አይደለም። ሰው በሥራ ሰዓቱ የሚያደርገውን ሌላው ያዘዋል፤ በዕረፍት ሰዓቱ የሚያደርገውን ግን ራሱ ይመርጣልና፣ ጠባዩ ይበልጥ የሚታየውም የሚቀረጸውም በዚሁ በዕረፍቱ ሰዓት ነው።

የቀደሙትን አባቶች በዚህ ረገድ የቸገራቸው ማጣት ነበረ። አንድ መጽሐፍ ለማየት ከደብር ወደ ደብር በእግሩ የሚጓዝ ተማሪ እንደ ነበረ ከየኔታዎቻችን አፍ ሰምተናል። የዛሬውን ሰው የሚያስቸግረው ግን ብዛቱ ነው። መጽሐፉም፣ የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማም፣ በስልክ የሚሰማው ፖድካስትም በአንድ ጊዜ «እኔን፣ እኔን» እያለ ይጣራል። እህል በዛ ተብሎ ገለባው ሳይለይ አይበላምና፣ የሚያስፈልገን ወንፊት ነው።

እኛ የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ በቦሌ በኩል፣ ስሙን ከሆቴል በወረሰው በአትላስ ሠፈር ነው። ከቤታችን ወጥቶ ወደ ኤድና ሞልና ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚሄድ ሰው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ትልልቅ የማስታወቂያ ስክሪኖችን ያያል፤ በካፌዎቹ በረንዳ ደግሞ መጽሐፍ አዟሪው ወጣት ከክንዱ እስከ አገጩ መጻሕፍት ቆልሎ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ይመለከታል። በየካፌው የተቀመጠው ሰው ግን አብዛኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በየራሱ ስልክ ላይ አቀርቅሯል። በቤታችንም የነበረው ሁኔታ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ባለቤታችን፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ እናታችንና እኛ፣ በጠቅላላው ስድስት ሰዎች፣ በአራተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ አንዲት ሳሎን ውስጥ እናመሻለን።

እናታችን ከጎጃም፣ ከደጀን አካባቢ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት የዓይን ሕመም ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። ሕመሙ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ የጠፋው ብርሃን በሕክምናም ቢሆን የሚመለስ አይደለም። አንድ ማታ ሁላችንም እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለን እናታችን ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው፣ «ልጄ፣ ቤቱ ሰው አለበት ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ስድስታችንም መኖራችንን ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ጨዋታ ባጣ ጊዜ ሁላችሁም የተኛችሁ መስሎኝ ነው» አሉ።

ይህ አነጋገር ብዙ አሳሰበን። በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዞ ይገኛል። ሕፃን በሜዳ ሲሯሯጥ ጨዋታ ነው፤ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያወጉም ጨዋታ ነው። ዝም ያለውን እንግዳ «እስቲ ይጫወቱ» እንለዋለን፤ ይህን ስንል ያለንን ሐሳብ ይናገር፣ ከእኛ ጋር ይቀላቀል ማለታችን ነው። በእኛ ዘንድ መደሰትና መነጋገር በአንድ ቃል የሚጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ድራማ ወይም አንድ ፖድካስት ደስ የሚያሰኝ መሆኑን የምንለካበት ወንፊት ይህ ሊሆን ይገባል ብለን ደመደምን፤ ይኸውም ከተዘጋ በኋላ በቤት ውስጥ ጨዋታ ያመጣልን?

እንግዲህ እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይገኛል? ለፍለጋ የሚረዳ ዝርዝር ማዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ስም ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. አሳትመው ነበር። ዝርዝር መጽሐፉ መኖሩን ያስታውቃል፤ መጽሐፉ ለማን እንደሚስማማ ግን አይነግርም። ስልኩም እንደዚሁ ነው። ትናንት ያየነውንና የቆየንበትን እየቈጠረ መሰሉን ያቀርብልናል፤ ቁጥሩም እያንዳንዱን ለብቻው ስለ ሆነ፣ ልጁን ወደ ልጁ ፈቃድ፣ አባቱን ወደ አባቱ ፈቃድ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ሶፋ ላይ ለተቀመጡ ለአያትና ለልጅ ልጅ የሚሆን አንድ ነገር ፈልግ ብሎ ያዘዘው የለም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው አስቀድሞ ያነበበ ወይም የሰማ፣ የቤቱንም ሰዎች የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን በሕይወታችን እናውቀዋለን። መጽሐፍ ወደ እኛ የገባው ከዓይን አስቀድሞ በጆሮ ነበር። ስንክሳሩን አንዱ ያነባል፣ ሌላው ቆሞ ይሰማል፤ ድምፁ ያማረ አንባቢ በተራው ቀን ሲመጣ ታሪኩ አዲስ የተጻፈ ይመስል ነበር። ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባን ጊዜም ልብ ወለድ ማንበብን ያስለመደን የቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይሆን፣ የአማርኛ መምህራችን ከትምህርቱ ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ቆጥቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልን የነበረው ነው።

የአንባቢ ሰው ኀይል እስከ ምን እንደሚደርስ ለመረዳት ግን ከማዕከላዊ እስር ቤት የወጣውን ታሪክ መስማት ይበቃል። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በዚያ ታስረው ሳሉ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችው ትልቅ ልብ ወለድ በእጃቸው ገባ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረና እስረኛው ሁሉ ሊያነበው ስለማይችል፣ ወደ አማርኛ እየመለሱ ለጓደኞቻቸው ያነቡላቸው ጀመር። የሚጽፉበት ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ወረቀት ተጠቀሙ፤ ሥራው ሲፈጸም ወረቀቱ ሦስት ሺህ ያህል ደርሶ ነበር። ከእስር የሚወጡ ሰዎች በየጥቂቱ ይዘውት ወጡ፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነገ የሚሆነውን የማያውቅ እስረኛ የሩቅ አገር ታሪክ ቀጣዩን ክፍል ሲጠባበቅ ያመሽ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የጨዋታ መጽሐፍ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያስብ።

በቤታችን ወንፊቱን በመጀመሪያ የሞከረችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጃችን ናት። እናታችን በወጣትነታቸው፣ በጎረቤት ሬድዮ፣ በኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሚተርከውን ፍቅር እስከ መቃብር ይሰሙ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ጎረቤቶቻቸው አገር ለቅቀው ስለ ሄዱ መጨረሻውን ሳያውቁት እንደ ቀሩ አንድ ቀን አጫወቷት። ልጅቱም ያን ትረካ ከስልኳ ፈልጋ አገኘችና፣ ማዳመጫውን ነቅላ ስልኩን በሳሎኑ መካከል አኖረችው።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እርሳቸውም የጎጃም ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጀመሩ ናቸው፤ የታሪኩም ባለቤት በዛብህ የቆሎ ተማሪ ነው። እናታችን አገራቸውን በጆሯቸው ገቡበት። ገና በመጀመሪያው ምሽት ልጃችን ትረካውን አቁማ፣ «እማማ፣ ጉልት ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናታችንም ጉልትና ርስት የሚለያዩበትን፣ በልጅነታቸው ለጉልተኛው ምን ይገባ እንደ ነበር፣ አባታቸውም በምን ምክንያት ተሟግተው እንደ ነበር ሲያስረዱ ሰዓቱ አለቀ። የዚያን ዕለት የተሰማው ትረካ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ጨዋታው ግን እስከ አራት ሰዓት ዘለቀ። ትንሹ ልጃችን እንኳ ኳሱን ትቶ ተጠጋ።

እንዲህ እያለ ሳምንታት ሄዱ። ልጃችን አስቀድማ የታተመውን መጽሐፍ ስላነበበች መጨረሻውን ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን እናታችን በየቀኑ እየለመኑም ቢሆን አልነገረቻቸውም። የመጨረሻው ክፍል በተሰማ ጊዜ እናታችን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ቀጥለውም፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ተጋብተው ይኖራሉ ብዬ ነበር» አሉ። በማግሥቱ ስለ ጉዱ ካሳ ክርክር ተነሣ፤ ጉዱ ካሳ እብድ ነው ወይስ ዐዋቂ? ይህ ክርክር እስከ ዛሬ በቤታችን አላለቀም። በ2017 ዓ.ም. ይኸው ታሪክ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በተከታታይ ድራማ መልክ በቀረበ ጊዜም አብረን ተከታተልነው። እናታችን ድምፁን ሲሰሙ፣ «እኔ ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ አንደበት ነው የማውቃቸው፤ ይህ ሌላ ሰው ነው» ብለው ፈረዱ።

ከዚህ በኋላ በቤታችን አንድ ሥርዓት ቆመ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ከቤቱ ሰዎች አንዱ በተራው አንድ ነገር ፈልጎ ያመጣል። ያመጣውን አስቀድሞ ራሱ መሞከር አለበት፤ የመጨረሻውንም ሳይናገር ስለ ምን እንደ ሆነ በገዛ አፉ ያስረዳል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓትም ሁላችንም ያለ ማዳመጫ አብረን እንሰማለን ወይም እናያለን። ጨዋታ ካላመጣ ይቀራል፤ አምጪውም አይቀየምም። የነገሩም ዓይነት እንዲለዋወጥ፣ ባለፈው ሳምንት የተያዘው በዚህ ሳምንት አይደገምም።

በዚህ ሥርዓት ለብቻችን ብንሆን ከቶ የማንደርስባቸውን ነገሮች አግኝተናል። አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ወንድ ልጃችን ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ ይወዳልና፣ ማሞ ውድነህ ከተረጐሟቸው የስለላ መጻሕፍት አንዱን ከአዟሪ በርካሽ ገዝቶ አመጣ፤ ምዕራፉ እንዳያልቅበት እየሠሠተ ለአያቱ ያነብላቸዋል። እኛ ደግሞ ሣቅ ይግባ ብለን የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ተውኔት አመጣንና፣ የየሰዉን ድርሻ ተከፋፍለን አነበብነው። እናታችን በመልሱ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልዶች አከታተሉልን፤ የዝማሬና የአቋቋም ሊቅ የነበሩት ሰው ለቀልድም ሊቅ እንደ ነበሩ ልጆቹ ሲሰሙ ተደነቁ። ባለቤታችን መንገድና ገዳም የሚወዱ በመሆናቸው የዓለማየሁ ዋሴን «እመጓ» መረጡ። ጉዞና ምሥጢር ተቀላቅሎበት ስለ ተጻፈ፣ ገዳም የሚወደውንም ጀብዱ የሚወደውንም አንድ ላይ አስቀመጠ። ትልቋ ልጃችን ደግሞ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ለማምጣት በጠየቀች ጊዜ፣ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ እንደ ታገደ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የገቡበት ሳይታወቅ እንደ ቀሩ አስረድተናት፣ ታናናሾቿ እስኪያድጉ ከእናቷና ከእኛ ጋር እንድታነበው ተስማማን። ዕድሜን መለየትም የወንፊቱ አንዱ ቀዳዳ ነው።

ስለ ቴሌቪዥን በወላጆች ዘንድ ብዙ ወቀሳ ይሰማል። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያው ከመጀመሪያው ዘመን አንሥቶም ተስፋዬ ሳህሉ፣ አገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ ብሎ የሚጠራቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ተርተዋል። መሣሪያው አዲስ ነበረ፤ በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጡት ግን ተረት የሚያውቁ አንድ አባት ነበሩ። ከዚያ ወዲህም «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው፣ አሻንጉሊቷ ቀጭኔ የምትታይበት ዝግጅት፣ ለትንንሽ ልጆች ትምህርትንና ሣቅን አጣምሮ ቀርቧል። ስምንት ዓመት የሆነው ትንሹ ልጃችን ይህን በተራው አምጥቶ ለአያቱ በሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲነግራቸው፣ ሳያውቀው ጥሩ የአማርኛ ድርሰት ይሠራ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ፣ የባዕድ ልማድ ገባብን ተብሎ ብዙ ተነግሯል። ነቀፌታው ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን አንድ ነገር በእናታችን አይተናል፤ ጽሑፉ ከሥር የሚነበብ ፊልም ለዓይነ ስውርም ሆነ ፊደል ላልቈጠረ ሰው የተዘጋ በር ነው፤ በአማርኛ ድምፅ የቀረበው ግን በሩን ከፈተላቸው። የቱርክ አገር አማት በምራቷ ላይ የምትሠራውን ተንኮል ሰምተው፣ «ይህችን እኮ ደጀንም አውቃታለሁ» ሲሉ ቤቱ በሣቅ ሞላ። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «እረኛዬ» ደግሞ የገጠሩን ኑሮና የአያትን ፍቅር በገዛ አገራችን መልክ ስላቀረበ፣ ጨዋታው ከድራማው ይልቅ ረዝሞ ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከመውቀስ፣ ብቻችንን ነው ወይስ አብረን የምናየው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ፖድካስት የሚባለው ነገር ለብዙ ወላጆች እንግዳ ነው። ስሙ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ከነበረው ከአይፖድ እና ሥርጭት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተገጣጠመ። ነገሩ ሲፈታ ግን፣ ሰዓቱን ሰሚው የሚመርጠው ሬድዮ ነው። በየክፍሉ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ ዋይፋይ ባለበት ቦታ በስልክ ካወረዱት በኋላ፣ በሚኒባስም ሆነ በወጥ ቤት ያለ ኢንተርኔት ይሰማል። ለመጀመር የሚሻ ቤተሰብ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረውን የሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ዝግጅቶች በስልኩ ቢፈልግ መልካም ነው። እሸቴ አሰፋ የሚያቀርበው «መቆያ» የዓለምን ታሪክ በትረካ ያሰማል፤ የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ደግሞ ሰዎች የሕይወታቸውን ታሪክ ረጋ ብለው የሚያወጉበት ነው። ስሙ ራሱ ከወንፊታችን ጋር ይገጥማል።

ይህም ቢሆን ሥሩ አዲስ አይደለም። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ፣ እየጠየቁ በቴፕ ቀርጸው፣ በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትመውታል። አባትና ልጅ ተቀምጠው፣ ልጁ እየጠየቀ አባት እየመለሱ፣ የአባትም አነጋገር ሳይለወጥ የተጻፈበት ነው። ዛሬ ወጣቶች በፖድካስት የሚያደርጉትን፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና አንድ ዘመናዊ ልጃቸው አስቀድመው ሠርተውታል።

ይህን መጽሐፍ በተራችን ባመጣን ሳምንት ልጃችን ከሁሉ የተለየ ነገር ሰማችበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራዋ ሲደርስ ከስልኳ ያሰማችን የማንንም ዝግጅት ሳይሆን የአያቷን ድምፅ ነበር። እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአውቶቡስ ተሳፍረው የዓባይን በረሃ ሲወርዱ ሾፌሩ በምን ሁኔታ እንዳዜመ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዴት ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ እርሳቸው ብቻ ዓይናቸውን ከፍተው ገደሉን እስከ ታች እንዳዩት ይናገራሉ። «ያኔ ማየቴ ጥሩ አደረግሁ» ይላሉ በመጨረሻ። እኛ ልጃቸው ስንሆን ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም ነበር። እስከ አሁን ዐሥራ አንድ ክፍል ተቀርጿል፤ በደጀን ያሉ ዘመዶችም በስልክ እየተላከላቸው ይሰሙታል።

እንግዲህ ወላጆች ለሚያቀርቡልን ጥያቄ የምንመልሰው ይህ ነው። የዝርዝሩን ርዝመት አትፍሩ፤ ከዚህ የጠቀስናቸውንም እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ አትቁጠሯቸው። ከቤታችሁ ሰዎች መካከል በሳምንት አንዱ ፈልጎ ያምጣ፣ ሌሎቻችሁ አብራችሁ ስሙ፣ ከዚያም ዝጉትና ተጫወቱ። ዓይናቸው የደከመ ወይም ጆሯቸው የከበደ አረጋዊ በቤታችሁ ካሉ፣ ከእርሳቸው አጠገብ ጀምሩ፤ ለእርሳቸው የሚስማማ ነገር ስትፈልጉ ለሁላችሁም የሚሆነውን ታገኛላችሁና።